ለሚኒሶታ ስቴት ሴናተር ኦማር ፋቴህ፦ የደቂቃዋን ሒሳብ በጠራራ ፀሐይ እንስራት

ክቡር ሴናተር፣

እንደምን ከረሙ? ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከእርስዎ በፊት እንዲያነቡት የምፈልገው መሪ ጨብጠው የሚውሉት የእኛው ሰዎች ናቸው። እርስዎ ጋ መድረሱ አያሳስበኝም፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አማርኛ የሚያነብልዎ ሰው ማግኘት ዳውንታውን ፓርኪንግ ከማግኘት ይቀላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አገር ቤት ሆኖ የሚያነብ ካለ ግራ እንዳይገባው ብዬ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርዎ። በሚኒሶታ ሕግ የኡበርና የሊፍት፣ ማለትም በስልክ አፕ የሚጠሩት መኪናዎች፣ ሹፌር ተሳፋሪ ጭኖ ለሚሄድባት ለእያንዳንዷ ደቂቃ ዝቅተኛው ክፍያ 31 ሳንቲም ነው። ይህችን 31 ሳንቲም ወደ 49 የሚያሳድግ ረቂቅ ሕግ ያስገቡልን። ሌላ ምንም ነገር ያልተለጠፈበት፣ ብቻውን የቆመ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ረቂቅ። ደግሞ የስቴቱ ምክር ቤት ጉባኤ በተከፈተ ሰሞን ይግባ እንጂ ሜይ ላይ አይምጣብን። የሜይን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

49 የምትለዋን ቁጥር ከኪሴ አላወጣኋትም። ከየት እንደመጣች እናገራለሁ። እርስዎ ያውቋታል፤ ለአንባቢው ነው።

መጀመሪያ ግን ምስጋና ይቅደም። በ2023 ሴኔት ውስጥ ይዘውት የቆሙት የኮሌጅ ሕግ፣ ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የሚባለው፣ ብዙ ቤት ገብቷል። የዓመት ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰብ ልጁን የሚኒሶታ የሕዝብ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሲያስገባ፣ ሌላው ድጎማ ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ስቴቱ ይችልለታል። ከ2024 መኸር ጀምሮ እየተሰራበት ነው። ስኔሊንግ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተው ቡና ቢያዙ፣ ጎንዎ ከተቀመጡት ወላጆች መሀል ልጁ በዚህ ሕግ የሚማር አይጠፋም። ሌሊቱን ኤርፖርት ተሰልፎ የሚያነጋ አባት ልጁ ያለ ዕዳ ሲመረቅለት ምን እንደሚሰማው ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ የጠላት ደብዳቤ አይደለም። የሚሰራ ሰው ነው የሚጠየቀው። የማይሰራውን ማን ይለምነዋል?

የሹፌሩንም ጉዳይ ቢሆን መጀመሪያ የያዙት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ሴኔት ውስጥ፣ ሆዳን ሐሰን ደግሞ በተወካዮች ምክር ቤት። ኤችኤፍ 2369 ትባል ነበር ረቂቋ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ባሉት ሰባት የሜትሮ ካውንቲዎች ለሹፌሩ ቢያንስ በማይል 1.45 ዶላር፣ ከዚያ ውጭ 1.34፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም። ሁለቱም ምክር ቤቶች አሳለፏት። ሜይ 25 ቀን 2023 ግን የስቴቱ ገዥ ቲም ዋልዝ ቬቶ አደረጓት፣ ማለትም አልፈርምም ብለው ሻሯት። ሰውየው ከ2019 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው፤ ያቺ የመጀመሪያ ቬቷቸው ነበረች። ስንቱን ሕግ ሲፈርሙ ከርመው የመጀመሪያዋን ቬቶ ሹፌር ላይ አሳረፏት። ይህን እስከ ዛሬ የሚያነሳ ሹፌር አለ፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ዋልዝ ያኔ ያቀረቡት ምክንያት ዋጋው ይንራል፣ አካል ጉዳተኞችና ሌላ መጓጓዣ የሌላቸው ሰዎች ይቸገራሉ የሚል ነበር። እሺ፣ ይሁን። ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ጥናትም ይሰራ ተባለ። የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኩባንያዎቹን የራሳቸውን የ2022 የጉዞ መረጃ አስመርምሮ በማርች 2024 ሪፖርቱን አወጣ። ሪፖርቱ ምን አለ? በሜትሮው አካባቢ ሹፌሩ ወጪውን ችሎ የዝቅተኛ ደመወዝ ያህል እንዲያገኝ በማይል 89 ሳንቲም፣ በደቂቃ 49 ሳንቲም ያስፈልገዋል አለ። የጤና መድን፣ ጡረታና የመሳሰለው ይታሰብለት ከተባለ ደግሞ ማይሉ 1.21 ይሆናል፣ ደቂቃው ያው 49። ልብ ይበሉ፣ ደቂቃው በሁለቱም ቦታ 49 ነው። ቁጥሯ የመጣችው ከዚህ ነው። የሹፌር ማኅበር ያወጣት አይደለችም፣ ግራ ዘመም ፖለቲከኛ የፈጠራትም አይደለችም። የስቴቱ የራሱ ወረቀት ነው።

በዚያው ሰሞን የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት የራሱን የሹፌር ክፍያ ሕግ አወጣ። በማይል 1.40፣ በደቂቃ 51 ሳንቲም። ከንቲባ ጄከብ ፍሬይ ሻሩት፣ ምክር ቤቱ ደግሞ 10 ለ3 በሆነ ድምፅ የከንቲባውን ሽረት ሻረው። ኩባንያዎቹ ጓዛችንን ጠቅልለን እንሄዳለን አሉ። መጀመሪያ ሜይ 1 ተባለ፣ ከተማው የሕጉን መጀመሪያ ቀን ሲገፋው ጁላይ 1 ሆነ። ያንን ጸደይ እንዴት እንዳሳለፍነው ሹፌር የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ግማሹ የመኪና ዕዳ አለበት፣ ግማሹ የቤት። ሰው በተገናኘ ቁጥር ወሬው አንድ ብቻ ነበር፦ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም? ቴክሳስ ልሂድ የሚል ነበር። ትራክ ልግባ ብሎ የሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ትምህርት የጀመረም ነበር።

ከዚያ የስቴቱ ስምምነት መጣ። በማይል 1.28፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም፣ ለአንድ ጉዞ ከ5 ዶላር በታች አይከፈልም። ከተሞች ከዚህ የተለየ የራሳቸውን ተመን እንዳያወጡም ተከለከሉ። ክፍያው ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኩባንያዎቹም ቀሩ።

አሁን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርገው ይዩዋቸው። ከተማው ካለው ማይሉ የቀነሰው 12 ሳንቲም ነው፤ ይሄ ድርድር ነው፣ ይገባኛል። ደቂቃው ግን ከ51 ወደ 31 ወረደ። ስቴቱ ራሱ ካስጠናው 49ም 18 ሳንቲም ዝቅ አለ። ቬቶ የተደረገችው የ2023ቷ ረቂቅ እንኳ 34 ነበረች። ማይሉ ላይ ሁሉም ሰው ዓይኑን ተክሎ ሲጨቃጨቅ ደቂቃዋ በጓሮ በር ወጣች።

«ማይሉ ከፍ ብሏል አይደል፣ ይካካሳል» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ወረቀትና እስክርቢቶ እንያዝ።

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ተሳፋሪ ጫንኩ እንበል። 3 ማይል ነው የሚሄደው። መብራቱ፣ የመንገድ ሥራው፣ ባቡሩ ሲያልፍ መቆሙ ተደማምሮ 15 ደቂቃ ወሰደብኝ። በዛሬው ሕግ ማይሉ 3.84፣ ደቂቃው 4.65፣ ድምሩ 8.49 ዶላር። በስቴቱ ሪፖርት ዝቅተኛ ተመን ቢሰላ ማይሉ 2.67፣ ደቂቃው 7.35፣ ድምሩ 10.02። አንድ ዶላር ከ53 ሳንቲም ልዩነት፣ በአንዲት አጭር ጉዞ። የከተማው ተመን ቢሆን ኖሮ 11.85 ነበር፤ እሱን ግን አላነሳም፣ ሞቶ ተቀብሯል። እኔ የማወዳድረው ስቴቱን ከስቴቱ ጋር ነው።

ሀይዌይ ላይ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፣ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። 25 ማይል በ28 ደቂቃ ከሄድኩ የዛሬው ሕግ 40.68 ይሰጠኛል፣ የሪፖርቱ ዝቅተኛ ተመን ደግሞ 35.97። እዚህ ጋ ሕጉ ይሻላል። እና መስመሩ የት ላይ ነው? ማይሉ ላይ በ39 ሳንቲም እንበልጣለን፣ ደቂቃው ላይ በ18 ሳንቲም እንጎዳለን። 39ን ለ18 ሲያካፍሉት አንድ ማይል ለመሄድ ከሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ በላይ ከፈጀብኝ ከሳሪው እኔ ነኝ ማለት ነው። ይሄ ወደ ፍጥነት ሲቀየር በሰዓት 28 ማይል ገደማ ይሆናል። ከ28 በታች ስነዳ ስቴቱ ራሱ «ይህ ነው ዝቅተኛው» ካለው በታች እየተከፈለኝ ነው።

አሁን ልጠይቅዎት፣ ክቡር ሴናተር፤ በወረዳዎ ውስጥ የፍጥነት ወሰኑ ስንት ነው? ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በ2020 የመኖሪያ ሰፈር መንገዶችን ወደ 20፣ ዋና ዋናዎቹን የከተማ መንገዶች ወደ 25 ማይል አውርደዋል። ለእግረኛ ደህንነት ነው፣ ጥሩ አደረጉ። ግን ሒሳቡን ይዩት። ሹፌሩ የከተማውን ሕግ አክብሮ ከነዳ፣ መብራት አንድም ቦታ ባይዘው እንኳ፣ ከስቴቱ ዝቅተኛ ተመን በታች ነው የሚሠራው። ሕግ አክባሪው የሚቀጣበት ሕግ ነው የወጣልን። በ20 ማይል ፍጥነት አንድ ማይል 3 ደቂቃ ይፈጃል፦ የዛሬው ሕግ 2.21፣ ሪፖርቱ 2.36። ሳንቲም ነው ይሉኝ ይሆናል። የሳንቲም ሥራ እኮ ነው የምንሠራው! ቀኑን ሙሉ ሳንቲም ስንለቅም ነው የምንውለው።

ለፍትህ ያህል፣ የ5 ዶላሯ ወለል በጣም አጫጭር ጉዞዎችን አድናለች። አንድ ማይል በ6 ደቂቃ ሄጄ 3.14 ሊሆን የነበረው 5 ይሆናል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚያርፈው መሀል ላይ ባሉት ነው። ከሁለት እስከ ስምንት ማይል ያሉት፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ክሊኒክ የሚሉት። እነሱ ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚነዳ ሹፌር እንጀራ ናቸው።

ስለ ክረምቱ ልናገር፣ የሚኒሶታ ሰው ሆኖ ክረምት ሳያነሳ ደብዳቤ የሚጨርስ የለምና። በረዶ እየጣለ ሀይዌይ 94 ላይ የገባ ሰው ያውቀዋል። ፊት ለፊት ያለው ቀይ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። መጥረጊያው በረዶ ይዞ መስታወቱ ላይ ይንኳኳል። ማሞቂያው ነዳጁን ይጠጣል፣ ተሳፋሪው ከኋላ «ፍላይቴ!» ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ፍሬን በነኩ ቁጥር መኪናው ወዴት እንደሚሄድ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። በደህናው ቀን 20 ደቂቃ የሚፈጅ የ8 ማይል ጉዞ 45 ደቂቃ ይሆናል። በዛሬው ሕግ 24.19። በሪፖርቱ 29.17። አምስት ዶላር ሊሞላ ሁለት ሳንቲም የጎደለው ልዩነት፣ መንገዱ አደገኛ በሆነበት፣ ሰውም ሹፌር አጥብቆ በሚፈልግበት ቀን። አንዳንዴ አፑ በገበያው ዋጋ ከዝቅተኛው በላይ ይከፍላል፣ አልክድም። ግን ሕግ የሚያስፈልገው ለዚያ ላልከፈለበት ቀን ነው።

ሌላ ስቴት ምን አደረገ ካሉ ዋሽንግተንን ይዩ። በ2022 ባወጡት ሕግ ከሲያትል ውጭ በማይል 1.17፣ በደቂቃ 34 ሳንቲም ብለው ጀመሩ። ለሲያትል ግን 1.38 እና 59 ሳንቲም። ትልቁ ልዩነት ደቂቃው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከተማ ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ ነው፣ ማይል አይደለም። እዚያም የእኛ ሰው ሞልቷል፣ ሲያትል ያለ ዘመድ ያለው ሹፌር ይህን ልዩነት በስልክ ሰምቶታል። ኡበር ከሲያትል ጠፍቷል? አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ሜይ ልምጣ።

የ2024ቱ ስምምነት መድረሱ የተሰማው ቅዳሜ ሌሊት፣ ሜይ 18 ነው። እሁድ ሌሊት ጸደቀ። ማለትም ስንቱ ሺህ ሰው የሚኖርበት ተመን ከተነገረ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ሳይሞላው ሕግ ሆኖ አለፈ። ለምን እሁድ? የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በሚበተንበት ቀን ሕግ ማጽደቅ ስለሚከለክል። ሰኞ መበተኛ ከሆነ እሁድ እኩለ ሌሊት ነው መጨረሻው። የዚያን ሌሊት የሆነውን ደግሞ እርስዎ ውስጡ ነበሩ፣ እኛ በስልካችን ነው ያየነው። ከ1,400 ገጽ በላይ የሆነ ጥቅል ሕግ፣ ታክሱም፣ ጤናውም፣ መንገዱም፣ ጠመንጃውም ተጠቅልሎበት፣ እኩለ ሌሊት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩት በጩኸት መሀል አለፈ። የጨረባ ተዝካር ነበር። ሪፐብሊካኖቹ አላነበብነውም ብለው ይጮኻሉ፣ ዲኤፍኤሎቹ፣ የሚኒሶታ ዲሞክራቶች ማለት ነው፣ እናንተ ናችሁ በወሬ ሰዓት የገደላችሁት ይላሉ። ሁለቱም ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረበት። እኔ ማን ጥፋተኛ ነው ብዬ ልፈርድ አይደለም የመጣሁት።

የማውቀው፣ በዚያ ሰዓት «ቆይ፣ ደቂቃዋ ለምን 31 ሆነች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቦታ አልነበረውም። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ሰው ካልኩሌተር ይዞ ኮሚቴ ፊት ቆሞ እኔ ከላይ የሠራሁትን ሒሳብ ቢሠራ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ግን የመጨረሻው ድርድር በር ተዘግቶ ነው የተካሄደው። በር ተዘግቶ ሲደራደሩ ደግሞ ጥሩ ጠበቃ ያለው ሰው የትኛዋ ቁጥር ብትወርድ ማንም እንደማይጮህ ያውቃል። ሰው ሁሉ ስለ ማይል ነበር የሚጮኸው።

ለእርስዎ ለራስዎ ፖለቲካ ቢሆን ጥቅሉ አይበጅም። የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት አንድ ሕግ ከአንድ ጉዳይ በላይ እንዳይይዝ ይላል። በኦገስት 2025 አንድ የራምዚ ካውንቲ ዳኛ ከዚያ 1,400 ገጽ ውስጥ የነበረውን የጠመንጃ ክልከላ፣ ባይነሪ ትሪገር ስለሚባለው መሣሪያ የወጣውን፣ በዚህ ምክንያት ሽረውታል። ጠመንጃው ላይ የእርስዎና የእኔ አቋም ምንም ይሁን፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ተጨናንቆ የገባ ሕግ ተጎትቶ ይወጣል። የሹፌር ደመወዝ እንዲህ ዓይነት ክርክር ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ለነገሩ የኮሌጁም ሕግ በጥቅል ውስጥ ነበር የገባው፣ አውቃለሁ፤ ግን ጥቅሉ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ብቻ ነበር። ልዩነት አለው።

ያልፋል ወይ? ከባድ ነው፣ እያወቅኩ ነው የምጠይቅዎት። በ2024ቱ ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤቱ 67 ለ67 እኩል ተከፈለ፣ ሕግ ለማሳለፍ ደግሞ 68 ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሪፐብሊካኖቹ ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ሳያመጡ የትም አይደርሱም። የእኔ ግምት ግን እንዲህ ነው፦ ያን ሌሊት 1,400 ገጽ እንዴት ይነበባል ብሎ የጮኸ ሰው አንድ ገጽ ሲመጣለት ምን ይላል? «ቁጥሩ አልተስማማኝም» ሊል ይችላል፣ መብቱ ነው። ያኔ የትኛው ቁጥር እንደሚስማማው በስሙ ተናግሮ ይመዘገብለታል። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው። ሰውዬው ለሹፌር ደቂቃ 31 ይበቃል ብሎ በማይክሮፎን ይናገር፣ እኛም እንስማው።

ስለ ዋጋ ንረቱም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ደቂቃው ሲጨምር ተሳፋሪው ላይ ሊወጣ ይችላል። ከተሳፋሪዎቻችን ብዙዎቹ ሀብታም አይደሉም። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትገባ እህት፣ ኩላሊት እጥበት የሚመላለሱ አባት፣ መንጃ ፈቃድ የሌላት አዲስ መጤ። እነሱ ላይ ሸክም መጨመር አልፈልግም። ለዚህ መደራደሪያ ካስፈለገ ማይሉን ትንሽ ይቀንሱትና ደቂቃውን ያሳድጉ። የሪፖርቱን ሁለተኛ ተመን፣ 1.21 እና 49ን፣ ይውሰዱት። ያቺ የ3 ማይል ጉዞ 10.98 ትሆናለች፣ የበረዶዋ ቀን 31.73። ረጅሙ የሀይዌይ ጉዞም 43.97 ይሆናል፣ ማንም አይጎዳም። ከማይል ሰባት ሳንቲም ሰጥተን ደቂቃችንን ብናስመልስ ቅር አይለንም። በዚህ የማይስማማ ሹፌር ይኖራል፣ ገና ከአሁኑ ማይክ ይዞ ሊሰድበኝ የተዘጋጀም አለ። ይምጣና ኮሚቴ ፊት እንከራከር፣ ለዚያ አይደል ኮሚቴ ያለው?

ከኩባንያው ድርሻስ ለምን አይቀነስም የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ተሳፋሪው 40 ከፍሎ ለሹፌሩ ስንት እንደሚደርስ ሁላችንም ስናይ ከርመናል። ግን እሱን እዚህ ረቂቅ ውስጥ አይጨምሩት። እለምንዎታለሁ፣ ምንም አይጨምሩበት። ሌላውን ጉዳይ በሌላ ረቂቅ ያምጡት፣ ያንንም እንደግፋለን። ይህቺኛዋ ግን ደቂቃ ብቻ ትሁን።

ስለ ምስክርነት ሁለት ነገር ላክል። የኮሚቴው ስብሰባ ሲቀጠር ሹፌር የሚመጣበት ሰዓት ይታሰብ። ጠዋት ኤርፖርት የሚሟሟቅበት ሰዓት ላይ ከተደረገ የሚመጣው ከሥራው ቀርቶ ነው፤ ካፒቶል፣ የስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ አካባቢ ለፓርኪንግ ይከፍላል፣ ቀጠሮው በተገፋ ቁጥር ደግሞ ይከፍላል፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ይሰጠውና እንግሊዝኛው እየተደናቀፈበት ያልቅበታል። የኩባንያው ሎቢስት ግን ለመቀመጡም ይከፈለዋል። ከረፋዱ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል። አስተርጓሚም ይመደብ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በኦሮምኛ። ዛሬ ኤርፖርት ሎት ገብተው መኪናዎቹ መሀል ቢመላለሱ የሚሰሟቸው ቋንቋዎች እነዚህ ናቸው። አስተርጓሚ ከሌለ ያው እንግሊዝኛ የሚችሉት ሦስት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው በሁላችን ስም የሚናገሩት፣ ያ ደግሞ መሀላችን ነገር አምጥቷል፣ እርስዎም ሳይሰሙት አይቀሩም።

ሁለተኛው፣ ረቂቁ ቁጥር ሲሰጠው ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ አንቀጽ በአማርኛ ያስታውቅልን። ቁጥሩን ካገኘን የቀረውን እኛ እንከታተለዋለን። የትኛው ኮሚቴ እንደገባ፣ የኮሚቴው ቀነ ገደብ ሳያልፍ መሰማቱን፣ ማን ደግፎ ማን ዝም እንዳለ። በ2023 ካፒቶል ውስጥ ሮተንዳው፣ ጉልላቱ፣ ስር ቆሞ የጮኸ ሰው እንዴት እንደሚከታተል ተምሯል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ላይ ይነገራል፣ በቴሌግራምም ይዞራል።

ይሄ ጥያቄ ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሚፈርም ባልደረባ የሚያገኙ ከሆነ ደብዳቤውን ያሳዩልኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ለእርስዎ የሆነበት ምክንያት ግን ሕጉን ያመጡት እርስዎ ስለሆኑ ነው፣ እና ያመጣው ሰው ሲያስተካክለው ያምራል። ረቂቁን በየትኛው ሳምንት እንደሚያስገቡ ብቻ ይጻፉልን። ካልተመቸዎትም ካልተመቸኝ ይበሉን፣ ሌላ አቅራቢ እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሴንት ፖል አንድ ሹፌር